ረቂቅ ሒሳብን ስለ ማስተማር፤ የሐሚልተን የኳተርኒየን መጽሐፍ እንደ መማሪያ ሲመዘን

መግቢያ

አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ከታተመ ከ170 ዓመት በላይ ካለፈው በኋላ እንደገና አንሥቶ መተቸት ለአንዳንድ አንባቢ ትርፍ ሥራ መስሎ ሊታየው ይችላል። በተለይም መጽሐፉ በአገራችን ትምህርት ቤቶች የማይሠራበት፣ ርእሰ ጉዳዩም ከሁለተኛ ደረጃ መርሐ ትምህርት በላይ የሆነ እንደ ሆነ ጥያቄው ይበልጥ ይጠነክራል። ነገር ግን አንድን መጽሐፍ ለትችት የሚያበቃው በተማሪዎች እጅ መገኘቱ ብቻ አይደለም። በውስጡ የሚታየው የማስተማር ጉድለት ዛሬም በየክፍሉ የሚደገም ከሆነ፣ ያንኑ ጉድለት ጎልቶ ከሚታይበት ሥራ ላይ ነቅሶ ማሳየት ለመምህሩም ሆነ ለዕቅድ አውጪው ጠቀሜታ ይኖረዋል። የአየርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ሰር ዊልያም ሮዋን ሐሚልተን በ1853 በደብሊን ያሳተመው፣ ስለ ኳተርኒየን የተሰጡ ትምህርቶችን የያዘው መጽሐፍ እንዲህ ያለ ሥራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉ የያዘው ፍሬ ነገር በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከተገኙት ታላላቅ የሒሳብ ግኝቶች አንዱ መሆኑ አያጠያይቅም። እንደ መማሪያ መጽሐፍ ሲመዘን ግን ውጤቱ ሌላ ነው። የደራሲው ወዳጅና ራሱም የታወቀ የሥነ ፈለክ ሊቅ የነበረው ሰር ጆን ኸርሸል፣ መጽሐፉን ለማንበብ አንድ ዓመት፣ ለማብላላት ደግሞ አንድ ዕድሜ ያስፈልጋል በማለት ለሐሚልተን ጽፎለታል። ኸርሸል ሰነፍ ተማሪ አልነበረም። እንደ እሱ ያለ ሰው ይህን ካለ፣ ነገሩን ከማንም አስቀድሞና ከማንም አጥልቆ የተረዳው ሰው ለሌላው ሲያስረዳ ለምን ተሳነው? የሚለው ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ለጥያቄው መልስ መሻትና ከመልሱ ለራሳችን ክፍል የሚጠቅመውን ለይቶ ማውጣት ነው።

ሐሚልተን የፈለገው ምን ነበር?

እንደሚታወቀው ኮምፕሌክስ ቁጥር ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው የተለመደው ቁጥር ሲሆን፣ ሁለተኛው በራሱ ሲባዛ −1 የሚሰጠው አሐድ ያለበት ነው፤ ይህንንም አሐድ «አይ» እንለዋለን። ቨሰል በ1799፣ አርጋንድ ደግሞ በ1806 ባሳተሟቸው ጽሑፎች እንደ ገለጹት፣ እነዚህ ቁጥሮች በጠለል ላይ እንዳሉ ነጥቦች ሊታዩ ይችላሉ። በ«አይ» ማባዛት ማለትም ነጥቡን በዜሮ ዙሪያ 90 ዲግሪ ማዞር ማለት ነው። ሁለት ጊዜ 90 ዲግሪ ቢዞር 180 ዲግሪ ስለሚሆን፣ አይ×አይ = −1 የሚለው እኩልዮሽ ምንም ምሥጢር የለበትም፤ ነጥቡ ወደ ተቃራኒው ወገን ዞረ ማለት ብቻ ነው።

ሐሚልተን በ1837 ባሳተመው ጽሑፍ ኮምፕሌክስ ቁጥሮችን እንደ ጥንድ ቁጥሮች አድርጎ ሕጋቸውን ደነገገ። ከዚያም በኋላ አንድ ጥያቄ ዕረፍት ነሣው። ጥንድ ቁጥር በጠለል ላይ ዙረትን የሚገልጽ ከሆነ፣ እኛ በምንኖርበት ባለ ሦስት አቅጣጫ ኅዋ ውስጥ ዙረትን የሚገልጽ ሦስትዮሽ ቁጥር ሊገኝ አይገባምን? በዚያን ወቅት ልጆቹ በየማለዳው ለቁርስ ሲገናኙ ሦስትዮሾችን ማባዛት ቻልህ ወይ? እያሉ ይጠይቁት እንደ ነበርና እሱም መደመርና መቀነስ እንጂ ማባዛት እንዳልቻለ በኀዘን ይመልስላቸው እንደ ነበር በ1865 ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ አውስቷል። በመጨረሻም ጥቅምት ወር 1843 በገባ በ16ኛው ቀን ከባለቤቱ ጋር በደብሊን የሮያል ቦይ ዳር ሲሄድ፣ ሦስት ሳይሆን አራት ክፍሎች እንደሚያስፈልጉት ተገለጠለትና የአዲሶቹን አሐዶች ሕግ በብሩም ድልድይ ድንጋይ ላይ ቀረጸው። ሕጉም ይህ ነው፦

አይ×አይ = ጄ×ጄ = ኬ×ኬ = አይ×ጄ×ኬ = −1

በድልድዩ ላይ የሚታየው የመታሰቢያ ጽሑፍ በ1958 ሲተከል የመረቀው ኤሞን ደ ቫሌራ፣ በኋላ የአየርላንድ ፕሬዚዳንት የሆነውና ቀደም ሲል ራሱ የሒሳብ መምህር የነበረው ሰው ነው።

የሦስትዮሹ መክሸፍና የሚሰጠው ትምህርት

የድልድዩ ታሪክ በብዙ መጻሕፍት ይነገራል። ይሁን እንጂ ታሪኩ ብቻውን ሲነገር ጉዳት አለው። ተማሪው ሒሳብ ለተመረጡ ሰዎች በመንገድ ላይ ድንገት የሚበራ ነገር ነው ብሎ ይደመድማል፤ እሱ ካልበራለትም ጥፋቱን ከተፈጥሮው ያደርገዋል። ከድልድዩ አስቀድሞ የነበሩት የከሸፉ ሙከራዎች ግን ማንም ሊከተላቸው የሚችሉ ናቸው። ከእነዚህ ሦስቱን ብቻ እንመልከት።

አንደኛው በማባዛትና በመደመር ብቻ የሚሠራ ነው። ሐሚልተን ሊተው ያልፈለገው አንድ ሕግ ነበር፤ ይኸውም የሁለት ቁጥሮች ብዜት ርዝመት ከርዝመቶቻቸው ብዜት ጋር እኩል መሆን አለበት የሚለው ነው። የርዝመት ካሬ የሚገኘው የክፍሎቹን ካሬዎች በመደመር ስለሆነ፣ ይህ ሕግ ለሦስትዮሽ እንዲሠራ ከተፈለገና የብዜቱ ክፍሎች ከሙሉ ቁጥሮች በማባዛት፣ በመደመርና በመቀነስ ብቻ የሚገኙ ከሆኑ፣ የሦስት ካሬዎች ድምር በሦስት ካሬዎች ድምር ሲባዛ ውጤቱ ዘወትር የሦስት ካሬዎች ድምር መሆን ይገባዋል። አሁን 3ንና 21ን እንውሰድ። 3 = 1 + 1 + 1 ሲሆን 21 = 16 + 4 + 1 ነው። ብዜታቸው 63 ነው። ተማሪው 49፣ 36፣ 25፣ 16፣ 9፣ 4፣ 1 እና 0 የሚሉትን ካሬዎች ይዞ ሦስቱን ብቻ በመደመር 63ን ለማግኘት ይሞክር፤ በምንም መንገድ አያገኘውም። አራት ካሬዎች ቢፈቀዱለት ግን 63 = 49 + 9 + 4 + 1 ብሎ ወዲያውኑ ያገኘዋል። ይህን ምሳሌ ፈረንሳዊው ሌዣንድር ከሐሚልተን ግኝት አስቀድሞ በቁጥሮች ንድፈ ሐሳብ መጽሐፉ ጠቅሶት ነበር። ኦይለርም የአራት ካሬዎች ድምር በአራት ካሬዎች ድምር ሲባዛ ውጤቱ የአራት ካሬዎች ድምር እንደሚሆን በ1748 አግኝቶ ነበር። ሦስት አይበቃም፤ አራት ይበቃል የሚለው ፍንጭ በተለመዱት ቁጥሮች ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ሦስትዮሹ ለምን እንደማይቻል በአጭር መንገድ የሚያሳይ ማረጋገጫ ነው። ከ«አይ» ሌላ «ጄ» የሚባል አሐድ እንጨምርና የሁለቱ ብዜት ከሦስትዮሾቹ አንዱ ነው እንበል። ይኸውም ሀ፣ ለ እና ሐ የተለመዱ ቁጥሮች ሆነው፦

አይ×ጄ = ሀ + ለ×አይ + ሐ×ጄ

ሁለቱንም ወገን ከግራ በኩል በ«አይ» እናባዛ። የግራው ወገን አይ×አይ×ጄ ስለሆነ −ጄ ይሆናል። የቀኙ ወገን ሀ×አይ − ለ + ሐ×(አይ×ጄ) ይሆናል። በቅንፍ ያለውን ከላይ ባለው እኩልዮሽ ብንተካው፣ በቀኝ ወገን የ«ጄ» ድርሻ ሐ×ሐ ሆኖ ይገኛል። በግራ ወገን ግን የ«ጄ» ድርሻ −1 ነው። ስለዚህ ሐ×ሐ = −1 መሆን አለበት። ነገር ግን ሐ የተለመደ ቁጥር ስለሆነ ካሬው ከዜሮ በታች ሊሆን አይችልም። እንግዲህ የ«አይ» እና የ«ጄ» ብዜት ከሦስትዮሹ ውጭ የሆነ አዲስ ነገር ነው ብሎ ከመቀበል በቀር መንገድ የለም። አዲሱ ነገር «ኬ» ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምር ነው። ሀ + ለ×አይ + ሐ×ጄ በራሱ ሲባዛ ከሚወጡት ነገሮች ውስጥ ለ×ሐ×(አይ×ጄ + ጄ×አይ) የሚል አለ። የቀሩት ነገሮች ብቻቸውን ሲወሰዱ የርዝመትን ሕግ በትክክል ያሟላሉ፤ ይህ አንዱ ግን ሕጉን ያፈርሳል። ሐሚልተን በመጀመሪያ አይ×ጄ ዜሮ ይሁን? ብሎ አሰበ። ይህ አላረካውም። ቀጥሎ አይ×ጄ ዜሮ ሳይሆን ጄ×አይ የእሱ ተቃራኒ ቢሆንስ? አለ። እንዲህ ሲሆን ሁለቱ ተጣፍተው ሕጉ ይድናል። የተከፈለው ዋጋ ግን ቀላል አልነበረም። ሁለት በሦስትም ተባዛ ሦስት በሁለት ውጤቱ አንድ ነው የሚለው፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ማንም የማይጠራጠረው የማባዛት ሕግ ተነሣ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሐሚልተን ሕጉን የተወው ድፍረት ለማሳየት አለመሆኑን ነው። ሁለት ሕጎች አብረው መኖር እንደማይችሉ ካረጋገጠ በኋላ፣ የርዝመትን ሕግ ለማቆየት የቦታ መለዋወጥን ሕግ ለቀቀ። ይህን የተረዳ ተማሪ ረቂቅ ሒሳብ በዘፈቀደ የሚደነገግ የሕግ ክምር ሳይሆን በምርጫና በምክንያት የሚሠራ ሥራ መሆኑን ይገነዘባል።

የመጽሐፉ ጉድለቶች

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ምክንያት ለሐሚልተን የተሰወረ አልነበረም፤ ያገኘው እሱ ነውና። በመጽሐፉም ረጅም መቅድም ውስጥ የፍለጋውን ታሪክ ጽፎታል። ነገር ግን ትምህርቱን የሚጀምረው ከዚያ አይደለም። የመጀመሪያው ጉድለት ይኸው ነው። የመጀመሪያው ትምህርት የሚከፈተው የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች በኅዋ ውስጥ ምን ትርጉም እንዳላቸው በሚመረምር ረጅም ፍልስፍናዊ ሐተታ ነው። አንባቢው ምን ችግር ሊፈታለት እንደ ሆነ ሳያውቅ የመፍትሔውን መሣሪያ አካላት አንድ በአንድ እንዲያጠና ይገደዳል። ጥያቄው በመቅድም፣ መልሱ በትምህርት ተለያይተው ቀርተዋል።

ሁለተኛው ጉድለት የቃላት ብዛት ነው። ሐሚልተን ለእያንዳንዱ እርምጃ ስም ያወጣል፤ ቬክተር፣ ስካላር፣ ቴንሰር፣ ቨርሰር፣ ቬሄንድ፣ ቬክተም፣ ፕሮቬክተር፣ ትራንስቬክተር እያለ ይቀጥላል። ከእነዚህ ውስጥ ቬክተርና ስካላር የሚሉት ሁለቱ በመላው ዓለም ጸንተው ኖረዋል። ቴንሰር የሚለው ከሐሚልተን የተለየ ትርጉም ይዞ ቀርቷል፤ እሱ ርዝመትን ለማለት ነበር የተጠቀመበት። ከቀሩት የሚበዙት ከመጽሐፉ ውጭ የሚያስታውሳቸው የለም። እነዚህ ስሞች የጠፉት ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ የተሰጡት አንባቢው ነገሩን ሳያየው በፊት ስለሆነ ነው። ስም የሚጠቅመው የሚታወቅን ነገር ለመጥራት ነው። ያልታወቀን ነገር በስም ብቻ ለመያዝ መሞከር ግን በአገራችን አባባል «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደ ማለት ይሆናል።

ሦስተኛው ጉድለት ከሁሉ ይበልጥ ከባድ ሲሆን ዛሬም ድረስ ተማሪን የሚያደናግር ነው። መጽሐፉ «አይ»፣ «ጄ» እና «ኬ» የሚሉትን በአንድ በኩል በኅዋ ውስጥ ያሉ አቅጣጫዎች፣ በሌላ በኩል ደግሞ የ90 ዲግሪ ዙረቶች አድርጎ ያቀርባቸዋል። አይ×ጄ = ኬ ሲባል «አይ» የ«ጄ»ን አቅጣጫ በ90 ዲግሪ አዙሮ ወደ «ኬ» አደረሰው ማለት ነው። ይህ መልካም ይመስላል። ነገር ግን «አይ» የራሱን አቅጣጫ ሲያዞርስ? በራሱ ዛቢያ ላይ ያለ አቅጣጫ በዙረት መለወጥ የለበትም፤ አይ×አይ ግን −1 ሰጠ፤ −1 ደግሞ አቅጣጫም አይደለም።

መፍትሔው ኳተርኒየኑ ከአንድ ወገን ብቻ ሳይሆን ከሁለቱም ወገን እንዲያባዛ ማድረግ ነው። አቅጣጫውን ከግራ በኳተርኒየኑ፣ ከቀኝ ደግሞ በተገላቢጦሹ እናባዛለን። የ«አይ» ተገላቢጦሽ −አይ ስለሆነ፣ «ጄ»ን በዚህ መንገድ ብናዞረው አይ×ጄ×(−አይ) = −ኬ×አይ = −ጄ ይሆናል። «ኬ»ም እንዲሁ −ኬ ይሆናል። «አይ» ግን አይ×አይ×(−አይ) = አይ ሆኖ ሳይለወጥ ይቀራል። እንግዲህ በዚህ አሠራር «አይ» የሚያዞረው 90 ሳይሆን 180 ዲግሪ ነው። በአጠቃላይ አነጋገር፣ በአንድ ዘዌ ለማዞር በኳተርኒየኑ ውስጥ የሚገባው የዘዌው ግማሽ ነው፤ የቀረው ግማሽ ከሌላው ወገን በሚደረገው ማባዛት ይሟላል። ፈረንሳዊው ኦሊንድ ሮድሪግ ዙረቶችን በግማሽ ዘዌ የማዋሐድን ሕግ በ1840፣ ማለትም ከብሩም ድልድይ ሦስት ዓመት አስቀድሞ አሳትሞ ነበር፤ በጊዜው ግን ያስተዋለው ጥቂት ሰው ነው። ሐሚልተንም የሁለቱን ወገን ማባዛት ያውቀዋል፤ በመጽሐፉም ይገኛል። ጥፋቱ ለጀማሪው ፊት ለፊት የቀረበለት የ90 ዲግሪው ትርጉም በመሆኑና ሁለቱ ትርጉሞች የተለያዩ መሆናቸው በግልጽ ባለመነገሩ ላይ ነው። አንድ ምልክት ሁለት ሥራ ሲሠራ፣ ተማሪው የትኛውን ሥራ እየሠራ እንዳለ ካልተነገረው፣ ግራ መጋባቱ የእሱ ድክመት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

ከሐሚልተን በኋላ የመጡት መጻሕፍት

ሐሚልተን ስህተቱን በከፊል ተገንዝቦ ሌላ መጽሐፍ ማዘጋጀት ጀመረ፤ ነገር ግን ያም እያደገ ሄዶ ሳይፈጸም በ1865 ዐረፈ። መጽሐፉም በ1866 ታተመ። ፒተር ጋትሪ ታይት በ1867 ባወጣው መጽሐፍ ፍልስፍናውን ቀንሶ የፊዚክስ ምሳሌዎችን ጨመረ፤ ይህ እርምጃ ወደ መልካም አቅጣጫ ነበር። ሆኖም ታይት የመምህሩን ሥራ ጠባቂ ሆኖ ቀረ።

መንገዱን የለወጠው በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆሳያ ዊላርድ ጊብስ ነው። ጊብስ በ1881ና በ1884 ለተማሪዎቹ ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ የሁለት ቬክተሮችን የኳተርኒየን ብዜት ከሁለት ከፈለው። አንደኛው ክፍል ከምልክቱ ለውጥ በቀር ዛሬ ዶት ፕሮዳክት የምንለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ክሮስ ፕሮዳክት የምንለው ነው። በእንግሊዝ አገር ኦሊቨር ሔቪሳይድ ለብቻው ተመሳሳይ ሥራ ሠራ። ታይት በ1890 ባሳተመው ሦስተኛ እትም መቅድም ጊብስን የኳተርኒየንን ዕድገት ከሚያዘገዩት ሰዎች ቆጠረው፤ ክርክሩም ለዓመታት ቀጠለ። ያሸነፈው ጊብስ ነው። ያሸነፈውም ሒሳቡ ይበልጥ ጥልቅ ስለሆነ ሳይሆን ለተማሪው የሚያስፈልገውን ብቻ፣ በሚያስፈልገው ሰዓት፣ በጥቂት ገጾች ስለ ሰጠው ነው። ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ይህ ፍርድ ሊዘነጋ የማይገባው ነው።

ነገር ግን ድሉ የራሱ ኪሳራ ነበረው። ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ወይም በኮሌጅ ቬክተር የሚማር ተማሪ ዶት ፕሮዳክትንና ክሮስ ፕሮዳክትን ዝምድና እንደሌላቸው ሁለት የአሠራር መመሪያዎች ይቀበላቸዋል። ክሮስ ፕሮዳክት ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ምልክቱ ለምን እንደሚለወጥ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ «ሕጉ ነው» የሚል ይሆናል። ሁለቱ የአንድ ብዜት ሁለት ክፍሎች መሆናቸውን፣ የምልክቱም መለወጥ ከላይ ካየነው የ«አይ» እና የ«ጄ» ነገር የመጣ መሆኑን የሚነግረው የለም።

የዘመናችን የአልጀብራ መጻሕፍት ደግሞ ከሐሚልተን ተቃራኒ በሆነው ጽንፍ ይገኛሉ። ኳተርኒየንን በአንድ አንቀጽ ይበይኑታል፤ የማባዛቱን ሠንጠረዥ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ ሕጎቹ መሟላታቸውን አረጋግጥ የሚል መልመጃ ይሰጣሉ። ፍሮቤኒየስ በ1878 ያሳተመው ታላቅ ማረጋገጫ እንኳ፣ ማለትም የማካፈልንና የማቧደንን ሕግ ጠብቆ ከተለመዱት ቁጥሮች፣ ከኮምፕሌክስና ከኳተርኒየን ሌላ እንዲህ ያለ ውሱን ሥርዓት በነዚህ ቁጥሮች ላይ ሊሠራ እንደማይችል የሚናገረው፣ ብዙ ጊዜ በማስታወሻ ብቻ ይታለፋል። የሐሚልተን መጽሐፍ ምክንያቱን በቃላት ብዛት ቀበረው፤ የእኛ መጻሕፍት በአጭርነት ቀበሩት። በሁለቱም ዘንድ ተማሪው የሚያጣው አንድ ነገር ነው፤ እሱም ይህ ነገር ለምን አስፈለገ? ለሚለው የሚሰጥ መልስ ነው።

ኳተርኒየን የሞተ ሐሳብ ነው ተብሎም ሊታለፍ አይችልም። በ1985 ኬን ሹሜክ ባቀረበው ጥናት የኮምፒዩተር ሥዕሎችን ዙረት በኳተርኒየን ማቀናበር እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ በዚያ የሥራ መስክ የዘወትር መሣሪያ ሆኗል። የመንኮራኩሮችን አቅጣጫ ለመቆጣጠርም በሰፊው ይሠራበታል። አንድ መቶ ዓመት ያህል ዳር ተጥሎ የቆየ ሐሳብ ሲፈለግ መገኘቱ፣ አሁን አይጠቅምም ተብሎ ምክንያቱ ከመጽሐፍ የሚፋቅ ነገር ሁሉ ነገም አይጠቅምም ማለት እንዳልሆነ ያስረዳል።

ሊነሡ የሚችሉ ሁለት ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ፣ መረዳት ከመሥራት በኋላ ይመጣልና ተማሪው በመጀመሪያ ሠንጠረዡን በቃሉ ይያዝ፤ ምክንያቱ ሲበስል ይገባዋል የሚል ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። በቃል ማጥናትን ማንቋሸሽ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርታችን ተማሪው ዳዊትን በቃሉ የሚያጠናው ምሥጢሩን ከመረዳቱ አስቀድሞ ነው። ነገር ግን ይኸው ተማሪ ወደ ቅኔ ቤት ሲገባ ሥርዓቱ ይለወጣል። የመምህሩን ቅኔ በቃል መያዝ ብቻ አይበቃውም፤ ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩም ያርመዋል፤ እንዲህ እያለ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ያድጋል። ቅኔው ደካማ ሊሆን ይችላል፤ የእሱ ግን ነው። በቃል መያዝና በራስ መሞከር ሁለቱም ቦታ አላቸው። በሒሳብ ክፍላችን የሚጎድለው ሁለተኛው ነው። የሦስትዮሹን ማባዛት ራሱ ሞክሮ 63 ላይ የተሰናከለ ተማሪ፣ ሠንጠረዡን ቢያጠናው እንኳ የሚያጠናው የጠየቀውን ጥያቄ መልስ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጊዜ ጉዳይ ነው። መርሐ ትምህርቱ ሰፊ፣ ክፍለ ጊዜው አጭር፣ ፈተናውም አሠራርን እንጂ ምክንያትን የማይጠይቅ በሆነበት ሁኔታ መምህሩ በከሸፉ ሙከራዎች ላይ ጊዜ ሊያጠፋ ይገባዋልን? ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ መምህሩንም ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። ሆኖም ከላይ የቀረበው አጭር ማረጋገጫ ከስድስት መሥመር አይበልጥም፤ የ63ቱም ሙከራ ከክፍለ ጊዜው ግማሽ አይፈጅም። ጊዜ የሚበላው ምክንያትን ማስረዳት ሳይሆን፣ ምክንያቱ ያልተነገረውን ሕግ በየዓመቱ እንደ አዲስ ማስተማር ነው። ነጌቲቭ በነጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ እንደሚሆን ሳይገባው ያለፈ ተማሪ በአልጀብራም፣ በቬክተርም፣ በኮምፕሌክስ ቁጥርም ያንኑ ችግር ይዞ ይሻገራል።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ኳተርኒየን በሁለተኛ ደረጃ መርሐ ትምህርት ይግባ የሚል ሐሳብ አይቀርብም። የሚቀርበው ሐሳብ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ለሒሳብ ዕጩ መምህራን እንደ ማስተማሪያ ምሳሌ ሆኖ በጥቂት ክፍለ ጊዜያት ቢሰጥ፣ ማንኛውንም ረቂቅ ፅንሰ ሐሳብ በምን ቅደም ተከተል ማቅረብ እንደሚገባ ከብዙ የሥነ ዘዴ ሐተታ ይልቅ ያስተምራል የሚል ነው።

ቅደም ተከተሉም የሚከተለው ይሁን። በመጀመሪያ ጥያቄው በሚጨበጥ ነገር ይቅረብ። ለምሳሌ መምህሩ አንድ መጽሐፍ ሽፋኑን ወደ ላይ፣ ራስጌውን ከራሱ አርቆ በጠረጴዛ ላይ ያስተኛ። አስቀድሞ እንደተኛ ሩብ ዙር ወደ ግራ ያዙረውና ቀጥሎ ራቅ ያለውን ጠርዝ ብድግ አድርጎ ያቁመው፤ ሽፋኑ ወደ መምህሩ፣ ራስጌው ወደ ግራ ይሆናል። ከዚያም እንደገና አስተኝቶ መጀመሪያ ራቅ ያለውን ጠርዝ አንሥቶ ያቁመውና በኋላ እንደቆመ ሩብ ዙር ወደ ግራ ያዙረው፤ አሁን ራስጌው ወደ ላይ፣ ሽፋኑ ወደ ቀኝ ይሆናል። ዙረቶቹ ያው ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ብቻ ተለወጠ፤ ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ዙረትን የሚገልጽ ማንኛውም የማባዛት ሥርዓት የቦታ መለዋወጥን ሕግ ሊያከብር እንደማይችል ተማሪው በዓይኑ አየ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ተማሪው ራሱ ይሞክር፤ ሙከራውም የት ላይ እንደሚሰናከል ይመልከት። ሦስተኛ፣ የትኛው ሕግ እንደሚጠበቅና የትኛው እንደሚለቀቅ በግልጽ ይነገረው። ስሙና ብያኔው የሚመጡት ከዚህ በኋላ፣ በአራተኛ ደረጃ ነው። በመጨረሻም አሠራሩን በመልመጃ ያጠናክር፤ በቃሉም ይያዘው።

ለመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችና ለፈተና አውጪዎችም አንድ ማሳሰቢያ አለ። የመጽሐፍ ገጽ ሲቀነስ አስቀድሞ የሚሰረዘው ምክንያቱን የሚያስረዳው አንቀጽ ነው፤ መልመጃውና ቀመሩ ይቀራሉ። ፈተናም ሲዘጋጅ ለማረም የሚቀልለው አሠራርን የሚጠይቀው ነው። እነዚህ ሁለት ልማዶች ሲደጋገፉ መምህሩ ምክንያትን የማስተማር ፍላጎት ቢኖረው እንኳ ድጋፍ ያጣል። ስለዚህ በእያንዳንዱ የረቂቅ ሒሳብ ምዕራፍ መግቢያ ላይ፣ ይህ ፅንሰ ሐሳብ ሳይኖር ምን መሥራት አይቻልም ነበር? ለሚለው ጥያቄ በምሳሌ የተደገፈ መልስ እንዲካተትና፣ በፈተናም ውስጥ ቢያንስ አንድ ጥያቄ አንድ ሕግ ለምን እንደሚሠራ ወይም ለምን እንደማይሠራ በአጭሩ እንዲያስረዱ የሚጠይቅ እንዲሆን ቢደረግ፣ ተጨማሪ በጀትም ሆነ አዲስ መሣሪያ የማይጠይቅ መሻሻል ይገኛል። የዕጩ መምህራን የማስተማር ልምምድ ሲመዘንም፣ ቀመሩን በትክክል መጻፋቸው ብቻ ሳይሆን ከቀመሩ በፊት ጥያቄውን ማንሣታቸው ነጥብ እንዲሰጠው ያስፈልጋል።